በአደባባይ የተሰወረ አደራ፦ የጂኦካሺንግ መሣሪያዎችና ሥነ ምግባር

እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በጁላይ ወር፣ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው ዌዘርቢ በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ አንድ ሰው በአንድ ካፌ ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ሲያስቀምጥ ታየ። ነገሩ አጠራጣሪ ስለነበር ለፖሊስ ተነገረ። የከተማዋ መሐል ከሰው እንዲጸዳ ተደረገ፤ የጦር ሠራዊቱ ፈንጂ አምካኝ ቡድንም ደርሶ ሣጥኑን በጥንቃቄ አፈነዳው። በውስጡ ግን ማንንም የሚጎዳ ነገር አልነበረም። ሣጥኑ በጂ.ፒ.ኤስ እየተመሩ የሚፈልጉት፣ ለጨዋታ የተደበቀ ዕቃ ነበር።

ክፉ ያላሰበ ሰው ያስቀመጠው ሣጥን ስለምን አንድን ከተማ አስጨነቀ? መልሱ የሚገኘው ጨዋታው ከሚጠይቀው መሣሪያ ይልቅ ከሚጠይቀው ሥነ ምግባር ውስጥ ነው። ሥነ ምግባሩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ጨዋታውንና መሣሪያዎቹን ማወቅ ያሻል።

ጨዋታው እንዴት ተጀመረ?

ጂ.ፒ.ኤስ ሲጀመር የተሠራው ለአሜሪካ ጦር ነበር። ለተራው ሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር፣ መሣሪያው የሚያሳየው ስፍራ ከእውነተኛው እስከ 100 ሜትር ሊርቅ ይችል ነበር። በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ይህ ማዛባት እንዲቀር አደረጉ፤ በዓለም ዙሪያ የነበሩ መሣሪያዎችም በአንድ ሌሊት እጅግ ትክክለኛ ሆኑ።

በሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ይህን ትክክለኛነት ለመፈተን በኦሪገን ግዛት፣ በቢቨርክሪክ አቅራቢያ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። በውስጡም መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ባቄላ፣ የስም መዝገብና እርሳስ አኖረ። የስፍራውን ቁጥር በይፋ አስታውቆ፣ ያገኘው ሰው አንድ ነገር ወስዶ በምትኩ ሌላ እንዲተው ጠየቀ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው አገኘውና ስሙን በመዝገቡ ላይ አሰፈረ። በዚያው ወር ጨዋታው ጂኦካሺንግ የሚል ስም አገኘ። የቃሉ መጀመሪያ ምድርን፣ መጨረሻው ደግሞ የተሰወረ ስንቅን ወይም ዕቃን ያመለክታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሥውር ሣጥን» ብለን እንጠራዋለን።

ዛሬ ከ190 በሚበልጡ አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሥውር ሣጥኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ሪቻርድ ጋሪየት የተባለው የጠፈር ተጓዥ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ አንድ አኑሯል። የጨዋታው መሠረት ግን አልተለወጠም፤ አንዱ ይደብቃል፣ የማይተዋወቀው ሌላው ያገኛል፣ ፈርሞም እንደነበረ ይመልሳል።

ከሰማይ የሚመጣው ምሪት

በምድር ዙሪያ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚሽከረከሩት የጂ.ፒ.ኤስ ሳተላይቶች እጅግ ትክክለኛ የሆኑ የአቶም ሰዓቶችን ይይዛሉ። በእጃችን ያለው መሣሪያ ምልክቱ ከሳተላይቱ ተነሥቶ እስኪደርስ የወሰደውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ቦታውን ለይቶ ለማወቅም ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ በሰዓት ቆጠራው ላይ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት ቢፈጠር ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል።

በዘመናዊ ስልክ ገላጣ ሰማይ ሥር የሚገኘው ትክክለኛነት አምስት ሜትር ያህል ነው። ከረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ወይም በገደላማ ሸለቆ ውስጥ ግን ምልክቱ ከግድግዳና ከዓለት እየነጠረ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ከስፍራው አሥር ሜትር ያህል ሲቀራቸው መሣሪያውን ወደ ኪስ ከተው በዓይናቸው መፈለግ ይጀምራሉ።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። በጨዋታው የተለመደው አጻጻፍ ኬክሮስንና ኬንትሮስን በዲግሪ፣ በደቂቃና በደቂቃ ክፍልፋይ ማስፈር ነው። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1,852 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ሦስተኛ አኃዝ ሁለት ሜትር የማይሞላ ርቀትን ያመለክታል። አንዳንድ ካርታዎች ግን ሁሉንም በዲግሪ ክፍልፋይ ይጽፋሉ። 24.500 ዲግሪ ማለት 24 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነው፤ 24 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ነው ብሎ ያነበበ ሰው ግን ከስፍራው 37 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በበረሃ ውስጥ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ስልክ፣ የእጅ ጂ.ፒ.ኤስ ወይስ ኮምፓስ?

በከተማና በመናፈሻ ለሚጫወት ሰው ስልኩ ይበቃዋል። ሆኖም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ሙቀት ስልክ ግሎ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ከከተማ ሲወጣም የኔትወርክ ሽፋን ይቋረጣል። የጂ.ፒ.ኤስ ምልክት መቀበያው ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ካርታው ግን አስቀድሞ በስልኩ ላይ ካልወረደ ተጓዡ በባዶ ገጽ ላይ የምትንቀሳቀስ አንዲት ነጥብ ብቻ ያያል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ውኃና አቧራን የሚቋቋም፣ ባትሪው የሚለወጥ የእጅ ጂ.ፒ.ኤስ ይመረጣል።

ባትሪ የማያስፈልገው ኮምፓስም ከከረጢት መታጣት የለበትም። የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው ማግኔታዊውን ሰሜን እንጂ እውነተኛውን ሰሜን አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 17 ሜትር ያህል ከመንገድ ያወጣል። ኮምፓስ በመኪና ብረት ወይም በስልክ አጠገብ ሲያዝም ይሳሳታል።

ለዚህ ክፍለ ዓለም ሕዝብ ቦታን በልኬት ማወቅ አዲስ ጥበብ አይደለም። የዐረብ መርከበኞች ከማል በተባለ መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር። ከማል ቋጠሮ ያለው ገመድ የገባበት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ነው። መርከበኛው ገመዱን በጥርሱ ይዞ ሰሌዳውን ከፊቱ በማራቅ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለካ ነበር፤ በዚህም ኬክሮሱን ያውቃል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አሕመድ ኢብን ማጂድ ይህን መሰሉን የባሕር ዕውቀት በጽሑፍ አስፍሮ አቆይቷል። ከእርሱ በፊት በ11ኛው ክፍለ ዘመን አቡ ረይሓን አል ቢሩኒ የከተሞችን ኬክሮስና ኬንትሮስ በሒሳብ ለማግኘት ደክሟል፤ ካነሣሡት ምክንያቶችም አንዱ የቂብላን አቅጣጫ በትክክል ማወቅ ነበር። ዛሬ በስልካችን ቂብላን ስንፈልግ ሥውር ሣጥን የሚፈልገው ሰው በሚጠቀምባቸው በእነዚያው ሳተላይቶችና በዚያው ኮምፓስ እንጠቀማለን።

ከረጢቱ ውስጥ ምን ይኑር?

ቢያንስ ሁለት እስክሪብቶ ወይም እርሳስ ይያዝ፤ በትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ መጻፊያ የሚሆን ቦታ የለምና። ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ቀጭን ወረቀት ለማውጣት ወረንጦ፣ ጥላ ያለበትን ስንጥቅ ለማየት የእጅ ባትሪ፣ ከእሾህና ከሹል ድንጋይ ለመጠበቅ ጓንት ያስፈልጋል። ለስልክ ፓወር ባንክ፣ ለቆሻሻ መሰብሰቢያም ባዶ ፌስታል አይዘንጋ።

በበረሃ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ውኃ ነው። የሚሄዱበትን ስፍራና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ ሳይናገሩ መሄድ አይገባም። ዝናብ በተተነበየበት ቀን ወደ ዋዲ መግባት አደገኛ ነው፤ ጎርፉ ሩቅ ተራራ ላይ ከጣለ ዝናብ ሊመጣ ይችላልና። ዓይን ወዳላየው ጉድጓድ እጅን መስደድም አይገባም፤ ጥላ የሚፈልገው ጊንጥም ሆነ እባብ መኖሪያው እዚያው ነው።

እያንዳንዱ ሣጥን ከ1 እስከ 5 በሚደርሱ ሁለት ደረጃዎች ይመዘናል። አንደኛው የፍለጋውን ክብደት፣ ሁለተኛው የመልክዓ ምድሩን አስቸጋሪነት ይገልጻል። ልጆቹን ይዞ የሚወጣ ወላጅ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳያነብ ከቤት ባይነሣ መልካም ነው።

የደባቂው ሥነ ምግባር

ዕቃው ራሱ ብዙ መጠን አለው። ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ማግኔት ያለው ብልቃጥ አለ፤ የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ የሚያህል አለ፤ ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ የምግብ ዕቃም አለ። ከጦር ሠራዊት የተረፈ የብረት የጥይት ሣጥን ውኃ ስለማያስገባ በብዙ አገሮች ይወደዳል፤ መልኩ ግን ፍርሃትን የሚያሳድር ስለሆነ ሰው በሚበዛበት ስፍራ አይመከርም። የተመረጠው ሁሉ ውኃ የማያስገባና የሚያሳልፍ፣ ማለትም ውስጡ የሚታይ ቢሆን ጥርጣሬን ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ደንብ ፈቃድ ነው። መሬቱ የግል ከሆነ ከባለቤቱ፣ የሕዝብ ከሆነ ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ይጠየቃል። ሁለተኛው ቦታን መምረጥ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ድልድይ፣ የጦርና የመንግሥት ተቋም አካባቢ አይደበቅም። የመቃብር ስፍራና የአምልኮ ቤት ቅጥርም ክብራቸው ሊጠበቅ ይገባል። ሦስተኛው፣ ሣጥኑ መሬት ተቆፍሮ አይቀበርም፤ ዛፍ አይበሳም፤ የጥንት ፍርስራሽ ድንጋይ አይነቀልም። አራተኛው፣ በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ርቀት ይኖራል። አምስተኛው፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ አልኮል፣ ክብሪት፣ ላይተርና ስለታም ነገር አይገባበትም። ምግብ እንስሳትን ይስባል፤ ላይተር ደግሞ በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የማይተናነሰው በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው መግለጫ ነው። ከውጭ ምንነቱን የሚናገር ጽሑፍ፣ ከውስጥም አጭር ማብራሪያ ሊኖረው ይገባል። በዚህ አካባቢ ጽሑፉ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ቢሆን የሚያገኘው የጽዳት ሠራተኛም ሆነ የጥበቃ ሠራተኛ ይረዳዋል። ስለ ጨዋታው ሰምቶ የማያውቅ መንገደኛም ባለቤት የሌለው የወደቀ ንብረት አድርጎ አይቆጥረውም።

ደባቂው ቁጥሩን አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ አይሂድ፤ በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን ይውሰድ። ከዚያም በየጊዜው እየተመለሰ ሣጥኑን ይጠብቅ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ይለውጥ፤ መንከባከብ ካቃተው ያንሣው። የተተወ ሣጥን ከቆሻሻ አይለይም።

የፈላጊው ሥነ ምግባር

ፈላጊ በቅድሚያ የማይጫወቱ ሰዎችን አያስደነግጥም። በአጥር ሥር እየተጎነበሰ፣ ወዲህና ወዲያ እየተገላመጠ የሚሄድ ሰው ጥርጣሬን ይጋብዛል፤ ቤተሰቦች በሚቀመጡበት መናፈሻም የሰውን ሰላም ይነሣል። ጥበቃ ወይም ፖሊስ ቢጠይቅ እውነቱን በትሕትና መናገርና ስልክን ማሳየት ከሁሉ ይሻላል።

ሣጥኑን ያገኘ ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። አንድ ዕቃ ከወሰደ ዋጋው እኩል የሆነ ወይም የሚበልጥ ይተካል። የሣጥኑን ክዳን አጥብቆ ዘግቶ ወደ ነበረበት ስፍራ ይመልሳል፤ «ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አገኘሁ» ብሎ ማዛወር ስሕተት ነው። የመደበቂያውን ምሥጢርም ለሌላው አይገልጥም። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች በየመንገዳቸው ያገኙትን ቆሻሻ ሰብስበው የመመለስ ልማድ አዳብረዋል። ጉዳትን ከመንገድ ማስወገድ ምጽዋት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዌዘርቢ የሆነው በሌላ አገር ቢደርስ፣ ቋንቋውን በቅጡ የማይናገር መጻተኛ ራሱን ለማስረዳት እጅግ ይቸገራል። የመኖሪያ ፈቃዱና እንጀራው በአንድ አለመግባባት ላይ ሊወድቁ አይገባም። ስለዚህ ጀማሪ ሌሎች የደበቁትን በቤተሰብ መናፈሻና በታወቁ የእግር መንገዶች በመፈለግ ይጀምር፤ መደበቅ የሚሻ ግን የየአገሩን ሕግ ጠይቆና ፈቃድ በእጁ ይዞ ይሁን።

ነገሩ ሲጠቃለል፣ ሥውር ሣጥን ቁልፍም ዘበኛም የለውም። ማንም ሰብሮ ሊወስደው፣ ማንም ሊያጠፋው ይችላል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ዓመታት እያለፉባቸው ባሉበት ይገኛሉ፤ ማንም በማያይበት ስፍራ የማይተዋወቁ ሰዎች አንዳቸው የሌላቸውን ንብረት ስለሚጠብቁ ነው። ሳተላይቱ ፈላጊውን እስከ አምስት ሜትር ያደርሰዋል፤ የቀረው የሰው አደራ ነው።