ሰጋር ፈረስ ስንገዛ፦ ምቾት የጤንነት ማስረጃ አይደለም

አጼ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ዳግማዊ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እያልን በፈረሶቻቸው ስም እንጠራለን። በበቅሎው ስም የሚጠራ ንጉሥ ግን አላውቅም። ይሁን እንጂ መኳንንቱ ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚቀመጡት በሰጋር በቅሎ ላይ ነበር፤ ፈረሱ ለጦርነትና ለጉግስ እየተሳበ ይከተላል። አባቶቻችን የሚያስፎክረውን እንስሳ ከሚያደርሰው ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ይህን የማነሳው፣ እዚህ ቶሮንቶ እየኖሩ እንደ ጋናራስካ ባሉ ደኖች ለመጋለብ ፈረስ መግዛት የሚያስቡ ወገኖች ምክር ስለሚጠይቁኝ ነው። አብዛኞቹ የሚያዩት መልኩንና ቁመናውን ነው። ለደን መንገድ የሚያስፈልገው ግን ሰሜን አሜሪካውያን «ጌትድ» የሚሉት፣ እኛ ከጥንት ጀምሮ «ሰጋር» የምንለው ነው።

ልዩነቱ ቀላል ሜካኒክስ ነው። በሶምሶማ ጊዜ ፈረስ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ እግሩን አንድ ላይ ይጥላል፤ ወደ ሌላው ጥንድ ሲለውጥ አራቱም እግሮቹ ለቅጽበት መሬት ይለቃሉ። ጋላቢውን የሚያነጥረው ይህ ነው። ሰጋሩ ግን እግሮቹን በየተራ ስለሚያሳርፍ ሁልጊዜ ቢያንስ አንዱ መሬት ላይ ነው። ነገሩ የሥልጠና ጉዳይ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት፣ ዲኤምአርቲ3 በተባለው ዘረመል ላይ ያለ አንድ ለውጥ ፈረስ እግሮቹን የሚያቀናጅበትን መንገድ እንደሚወስን አሳይቷል።

አስቸጋሪው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሐኪም ማነከስን በአብዛኛው የሚለየው በሶምሶማ ነው፤ ምቱ እኩል ስለሆነ ትንሿ መዛባት ትታያለች። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ቀና ያደርጋል። ሰጋሩ ግን ብዙ ጊዜ ሶምሶማ አይሄድም፤ እንደ ቴኔሲ ዎከር ያለው ደግሞ በተፈጥሮው በየእርምጃው ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ ገዢው የወደደው ልስላሴ ራሱ ሕመሙን ሊሸፍን ይችላል። ንዝረቱ የማይሰማ ማሽን ሁሉ ጤነኛ እንዳልሆነ መሐንዲስ ያውቃል።

በመሆኑም እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከመድረሴ በፊት ፈረሱ እንዳይጋለብ እጠይቃለሁ፤ ሰውነቱ ሲሞቅ ግትርነቱ ይደበቃል።

ሁለተኛ፣ በጠንካራ መሬት ላይ በቀጥታ፣ ከዚያም በክብ ሲሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ኮቴውን አዳምጣለሁ። የሰጋር ምት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ በአንዱ ፈረስ ላይ ግን ሳይዛነፍ መደጋገም አለበት።

ሦስተኛ፣ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ሐኪም እቀጥራለሁ። ሐኪሙ እግሩን አጥፎ ከያዘ በኋላ ለቅቆ አካሄዱን ያያል፣ ጅማቱንና ሰኮናውን ይዳስሳል፣ እንደ ፊኒልቡታዞን ያለ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት እንደሆነም ደሙን ያስመረምራል። በቴኔሲ ዎከር ላይ ከሰኮናው በላይ ያለው ቆዳ ጠባሳ እንዳለበት ማየት ያስፈልጋል። እግሩን በኬሚካል አቁስሎ ከፍ አድርጎ እንዲረግጥ ማድረግ የተለመደ ስለነበር፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች።

አራተኛ፣ ቁልቁለት አስወርደዋለሁ፣ ውሃ አሻግረዋለሁ፣ ከጓደኞቹም ለይቼ ብቻውን አስኬደዋለሁ።

በጀቱ ላነሰ ሰው በካምፕቤልቪል ሞሃክ ፓርክ ከሚሮጡት ስታንዳርድብሬዶች መካከል ጡረታ የወጡት ጥሩ አማራጭ ናቸው። ሆኖም ብዙዎቹ የአንድ ጎን እግሮቻቸውን አንድ ላይ ስለሚያነሱ ጋላቢውን ወደ ጎንና ጎን ያወዛውዛሉ፤ በውድድር የደከመ ጅማትም ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ለእነሱም አይቀርም።

ይህ ሁሉ ወጪ ለገዢው ኪስ ብቻ የታሰበ አይደለም። የሚያመው እንስሳ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ኮረብታውን ተሸክሞን ይወጣል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ገዢ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሳያመው ያደርሳል ወይ? ብሎ ነው።