«እኔ ብቻ የሌለሁባት ከተማ»፤ መልካምነቱና ጉድለቱ

አኒሜ ማለት በጃፓን አገር የሚሠራ፣ ሥዕሉ እንደ ሕያው የሚንቀሳቀስ ፊልም መሆኑን በቅድሚያ ለወላጆቻችን ማስረዳት ይገባኛል። ብዙዎች የሕፃናት መጫወቻ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ነፍሰ ገዳይን እየፈለጉ ምሥጢር የሚፈቱበት፣ ለዐዋቂ የሚሆን ዓይነትም አለ። ከነዚህ አንዱ «እኔ ብቻ የሌለሁባት ከተማ» የተባለው፣ በውጭ አገር «ኢሬዝድ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ኬ ሳንቤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ በመጽሔት ያወጣው የሥዕል ታሪክ ሲሆን፣ በቶሞሂኮ ኢቶ አዘጋጅነት በ2016 በ12 ክፍል በቴሌቪዥን ታየ።

ሳቶሩ የ29 ዓመት ሰው ነው፤ ፒሳ እያደረሰ ይኖራል። በ2006 እናቱን በቤቱ ውስጥ ተወግታ ያገኛታል፤ ፖሊሶችም እርሱኑ ይጠረጥሩታል። ወዲያው ጊዜ ወደ ኋላ ይመልሰውና በ1988 የብርድ ወራት፣ በረዶ በሸፈነው በሆካይዶ ደሴት የ10 ዓመት ተማሪ ሆኖ ይነቃል። በዚያ ዘመን ካዮ የምትባል የክፍል ጓደኛው ተሰውራ ተገድላ ነበር፤ በዚያም ነገር ንጹሕ ሰው ሞት ተፈርዶበታል። እንግዲህ ሳቶሩ እርስዋን ያዳነ እንደ ሆነ እናቱንም ሊያድን ይችላል ማለት ነው።

ገዳዩ ማነው? በዚህ በኩል ታሪኩ ደካማ ነው። እንቆቅልሽ ጠያቂው ሳይጨርስ ሰሚው መልሱን ካወቀው «አገር ስጠኝ» የሚባልበት ጊዜ የለም፣ ጨዋታው ፈረሰ። በዚህም ፊልም በልጆቹ ዙሪያ በደንብ የምናውቃቸው ትልልቅ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላ የሚያጠራጥር ሰው ስላልቀረበልን ገና ከመካከሉ ሰውየውን ለየሁት። ብልኅ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ታናሽ እኅቴም ለይታዋለች። ላላዩት ስል ስሙን አልጽፍም።

ይሁን እንጂ በውስጡ ሌላ ምሥጢር አለ፤ ይኸውም ካዮ ስለ ምን ዝም እንደምትል ነው። የክፍሉ ተማሪዎች የጻፉት ድርሰት በአንድ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ በዚያ ውስጥ የካዮ ድርሰት ከፊልሙ ርእስ ጋር አንድ ነው። ሲያድጉ ማንም ወደሌለበት ሩቅ ስፍራ ብቻዬን እሄዳለሁ የሚል ምኞት ነው። ለሁሉ በግልጽ የታተመ ድርሰት ነበር፤ ሳቶሩ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ የገባው በ29 ዓመት ልቡና ዳግመኛ ሲያነበው ነው። ልጅቱ በእናቷ ትደበደባለች፤ ሰውነቷ በሰንበር ተሞልቷል። እኛም ይህን መጽሔት የምንጽፍና የምናነብ ስለ ሆንን ያ ስፍራ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠኝ፤ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ።

በስምንተኛው ክፍል ካዮ በሳቶሩ ቤት አድራ የጓደኛዋ እናት ቁርስ ታቀርብላታለች። ትኩስ ሩዝና ሾርባም አለበት። ልጅቱ ማዕዱን አይታ ታለቅሳለች። ደም ከሚታይበት ክፍል ሁሉ ይልቅ ይህ በልብ ይቀራል።

በዘጠነኛው ክፍል አያቷና የሕፃናት ጥበቃ ሰዎች መጥተው ካዮ ከዚያ ቤት ትወጣለች። የፊልሙም መበላሸት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም መልካሙ ምሥጢር ተፈትቶ፣ የቀረው ያ ቀድሞ የታወቀው እንቆቅልሽ ብቻ ነው። ከዐሥረኛው ክፍል በኋላ 15 ዓመት በአንድ ጊዜ ይዘለላል፤ በሥዕል መጽሐፉ ሰፊ ገጽ የተሰጠው ፍጻሜም በሁለት ክፍል ብቻ ተጨናንቆ ያልቃል። ገዳዩ ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ መጽሐፉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተርክ፣ ፊልሙ በጥቂት ቃል ያልፈዋል። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ያየሁት ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ለማወቅ ያህል ነው፤ ስምንተኛውን ግን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንዱን ጊዜ ከእናቴ ጋር።