የጁሊ ምሕረቱ መስመሮችና የአቃቂ ቃሊቲ ብሎኮች

የጁሊ ምሕረቱን ሥዕል የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ያልፋል። መልክ ያለው ሰው፣ ዛፍ ወይም ቤት አያገኝበትም። በታወቁ ሥዕሎቿ የሚታየው በማስመሪያ የተሰመረ የሕንፃ ፕላን ነው፤ በላዩም ጥቁር ጭረት ተበትኗል። እንዲያም ሆኖ ለአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የዚህን ያህል ቅርብ የሆነ ዘመናዊ ሥዕል ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። የሥዕሎቿ ዋና ጉዳይ ከላይ የሚወርድ ፕላንና በውስጡ የሚኖር ሰው እንዴት እንደሚገፋፉ ነውና።

አሠራሯ ራሱ ይህን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች። በታወቁ ሥራዎቿ መጀመሪያ የሕንፃ ንድፍ ሸራው ላይ ታሰፍራለች፤ በብርሃን አሳላፊ አክሪሊክ ትሸፍነዋለች፤ ሲደርቅ ፍቃ ታለሰልሰዋለች፤ ከዚያ በእጇ ትጭርበታለች። የታችኛው ፕላን ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 የሠራችው «ሞጋማ» እያንዳንዳቸው ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ቁመት ያላቸው አራት ሸራዎች ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው በካይሮ ታህሪር አደባባይ ካለው የመንግሥት ሕንፃ ነው። ከተደራረቡት ንድፎች አንዱ የእኛው መስቀል አደባባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በስድስት ወረቀት ያሳተመችው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ደግሞ በጦርነት የተጎዳችውን ከተማ ሕንፃዎች መነሻ አድርጎ በእጅ ምልክት ይሸፍናቸዋል።

አሁን ወደ አቃቂ ቃሊቲ ተመልሰን ቱሉ ዲምቱን እንመልከት። የኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች በአንድ ንድፍ ተሠርተው ተደርድረዋል፤ መስኮቱ ከመስኮት አይለይም። ሰው ሲገባ ግን አንዱ በረንዳውን በቆርቆሮ ይዘጋል፣ ሌላው ልብስ ያሰጣል፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ይሆናል። ፕላኑ አልፈረሰም፤ እንደነበረም አልቀረም። ጁሊ የምትሥለው ይህንኑ ነው።

«ጭረትማ ልጅም ይጭራል» የሚል ይኖራል። ልጅ ግን ጭረቱን ከአንድ ከተማ ታሪክ ጋር አያጋጥምም፤ የእሷ ጭረት ትርጉም የሚያገኘው ከሥሩ ባለው ፕላን ነው። «በልጅነቷ የሄደች አሜሪካዊት ናት፤ ለእኛ ምናችን ናት?» ለሚልም መስቀል አደባባይን ከታህሪር ጋር ያስቀመጠ ሸራ በቂ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ም ሥራዎቿ አዲስ አበባ፣ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ለእይታ ቀርበዋል። ከተማችን በየቀኑ በአዲስ ፕላን እየተሰመረች ባለችበት በዚህ ጊዜ፣ የሥነ ጥበብም ሆኑ የከተማ ፕላን መምህራን ሥራዎቿን ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ይገባል።