ያልተቈጠረው የጠረፍ ንግድ

በንግድ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመዝገብ ያልገባ ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ወይ ጠፋ ይባላል፤ ወይ ከመጀመሪያውም አልነበረም ይባላል። ባለመጋዘኑ በዓይኑ ያየው፣ በእጁም የዳሰሰው ጆንያ ቢሆን፣ ገቢ ሆኖ ካልተጻፈ ለሒሳብ ያዡ የለም። በመንግሥታትም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አይለይም። የጉምሩክ መዝገብ የሚያውቀው በዲክላራሲዮን የተጻፈውን፣ በሚዛን የተመዘነውንና ቀረጥ የተከፈለበትን ዕቃ ብቻ ነው። በአንዲት ሴት ራስ ላይ ሆኖ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሻገረውን ቅርጫት ቲማቲም ግን አያውቀውም።

ያልተቈጠረ ንግድ ለማን ይጎዳል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ ሁለት ወገን ነው። መንግሥት አገሩ ለጎረቤቱ ምን እንደሚሸጥ፣ ከጎረቤቱም ምን እንደሚገዛ በትክክል ሳያውቅ ሕግ ያወጣል፤ ኬላ ይከፍታል፤ ኬላ ይዘጋል። ነጋዴውም በበኩሉ ከወሰን ማዶ ያለው ገበያ ምን ያህል ዕቃ እንደሚስብ ሳያውቅ ያከማቻል፤ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድም ምክንያቱን ከደላላ ወሬ በቀር የሚያስረዳው የለም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከተነሡት የምሥራቅ አፍሪቃ መንግሥታት መካከል ኡጋንዳ ግንባር ቀደም ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) የኡጋንዳ የስታቲስቲክስ ቢሮ ከአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ጋር በመተባበር፣ በጉምሩክ መዝገብ የማይገባውን የጠረፍ ንግድ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ማስቈጠር ያዘ። ቈጣሪዎች በኬንያ ወሰን በቡሲያና በማላባ፣ በታንዛኒያ ወሰን በሙቱኩላ፣ በኮንጎ ወሰን በምፖንድዌ፣ እነዚህንም በመሰሉ በሮች ይቆማሉ። ሥራቸው ማየትና መጻፍ ነው እንጂ ዕቃ መያዝ ወይም ቀረጥ መጠየቅ አይደለም። በራስ ተሸክሞ የሚያልፈውን፣ በብስክሌት የሚገፋውን፣ በጀልባ የሚሻገረውን ሁሉ በዓይነቱ ይመዘግባሉ። ቈጠራው የሚካሄደው በወሩ ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ሲሆን፣ ከዚያ የወሩ ጠቅላላ በስሌት ይገመታል።

ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ እርግጫ ሙዝ ስንት ኪሎ ነው? አንድ ሳፋ ዓሣስ? በብስክሌት የተጫነ በቆሎ ስንት ኩንታል ይሆናል? እህል የሸጠ ሁሉ ጆንያ ሁሉ አንድ ጆንያ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አንዱ እስከ አፉ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ነው፣ ሌላው ግማሹ ነፋስ ነው። ስለዚህ ቈጣሪው የእያንዳንዱን መስፈሪያ ክብደት አስቀድሞ በናሙና መዝኖ ማወቅ፣ ዋጋውንም በአካባቢው ገበያ ጠይቆ መያዝ ግድ ሆነበት። በእኔ አስተያየት የሥራው ክቡርነት ያለው ከጠቅላላው ድምር ይልቅ በዚህ አድካሚ መመዘን ላይ ነው። መስፈሪያው የተሳሳተ እንደ ሆነ በላዩ የሚደመረው ሁሉ ከንቱ ነውና። የተገኘውም ውጤት መሳቢያ ውስጥ አልተቀመጠም፤ ብሔራዊ ባንኩ የአገሪቱን የውጭ ክፍያ ሚዛን ሲያሰላ ይጠቀምበታል፤ የኡጋንዳ ነጋዴዎችም ጎረቤቶቻቸው፣ በተለይም ኮንጎ፣ የጉምሩክ መዝገብ ከሚናገረው በላይ ደንበኞች መሆናቸውን ከዚሁ ተረዱ።

ዕቃውን መቍጠር አንድ ነገር ነው፤ ባለ ዕቃው ማን መሆኑን መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነው። የዓለም ባንክ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሳተመው ጥናት፣ ኮንጎን ከሩዋንዳ፣ ከቡሩንዲና ከኡጋንዳ በሚያገናኙት በሮች ከተጠየቁት ትናንሽ ነጋዴዎች መካከል 85 ከመቶ ሴቶች ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹም ዋናው የቤታቸው መተዳደሪያ ይኸው ንግድ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ሴቶቹ በኬላው ላይ የሚደርስባቸው ነው። መማለጃ ይጠየቃሉ፤ ይሰደባሉ፤ ዕቃቸው ይወሰዳል፤ በአካላቸውም ላይ በደል ይፈጸማል። በየኬላው የሚሰበሰቡት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የትኛው በሕግ መሠረት ክፍያ እንደሚጠይቅና የትኛው በጉልበቱ ብቻ እንደሚቀበል ለተሻጋሪዋ የሚነግራት የለም። የቀረጡ ልክ በግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ የቀረጡ ልክ ሹሙ በዚያ ቀን የተናገረው ነው።

ቍጥሩ ከወጣ በኋላ ነገሩን «አልሰማንም» ማለት አስቸጋሪ ሆነ። የኮሜሳ አባል ከሆኑት አገሮች አንዳንዶቹ በ2010 ዓ.ም. ገደማ፣ ዋጋው አነስተኛ ለሆነ ዕቃ የሚያገለግል ቀላል የጉምሩክ ሥርዓት መሥራት ጀምረው ነበር። በምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበረሰብም፣ ምንጩ ከአባል አገር የሆነና ዋጋው ከ2,000 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ በአንዲት ቀላል ወረቀት፣ እዚያው ኬላው ላይ ማኅተም ተመትቶባት ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቅዷል። በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢም በ2015 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ያጸደቀው ሥራ ኬላዎችን ለእግረኛ ነጋዴ ማመቻቸትን፣ ሹማምንትንና ነጋዴዎችን ማስተማርን የሚጨምር ነበር። ቀላሉ ወረቀት ግን ሁሉን አላቃለለም። የቀረጥ ነፃነት የጤና ማረጋገጫንና ሌላውን ክፍያ አያስቀርም፤ ለአንድ ቅርጫት አትክልት የሚጠየቀው ወረቀት የቅርጫቱን ትርፍ ከበላ ሴቲቱ ወደ ጫካው መንገድ ትመለሳለች። ይህን ከትራንዚተር ጋር የሠራ ሁሉ ይረዳዋል፤ ትልቁ አስመጪ ወጪውን በሺህ ካርቶን ላይ ያከፋፍለዋል፣ እርሷ ግን በምን ላይ ታከፋፍለው?

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ በኮንጎና በሩዋንዳ ወሰን የተደረገው ሙከራ ነው። ከጠረፍ ነጋዴዎች ከፊሎቹ በዕጣ ተመርጠው ስለ መብታቸው፣ ስለ ቀረጡ ልክና ስለ ሥርዓቱ ተማሩ፤ የቀሩት ሳይማሩ ቆዩ፤ ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ተነጻጸሩ። ውጤቱ በ2020 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ በተማሩት ዘንድ መማለጃ መክፈል 5 ከመቶ ነጥብ ያህል፣ በሴትነታቸው የሚደርስባቸው ጥቃትም 5.4 ከመቶ ነጥብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ፣ ሴቶቹ መብታቸውን ጠቅሰው ተከራከሩ፣ ሹሙም ሕግ አክብሮ እጁን ሰበሰበ ብለን ደስ ይለን ነበር። አጥኚዎቹ ግን መዝገባቸውን ገልጠው ሰዓቱን አዩ። ሴቶቹ የቀናቸው በመከራከር አይደለም፤ ኬላው በይፋ ከመከፈቱ በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሹማምንቱ ሳይገቡ ማለፍን በማብዛታቸው ነው። ትምህርቱ የሰጣቸው የመናገር ድፍረትን ሳይሆን የመሸሽ ብልሃትን ሆነ።

አንድ ቍጥር ብቻውን ሰውን እንዴት እንደሚያታልል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መማለጃው መቀነሱ ብቻ ተጽፎ ቢቀርብ የኬላው ሹም ሽልማት ይገባው ነበር። ሰዓቱ አብሮ ሲጻፍ ግን፣ ሹሙ ባለበት እንደነበረና ነጋዴዋ እርሱን ላለማግኘት እንቅልፏን እንደሠዋች ይታያል። መንግሥትም ቢሆን አልተጠቀመም፤ በጨለማ ያለፈ ዕቃ መዝገብ አይገባምና። ስለዚህ ቈጠራ የሚያዝ ሰው «ስንት አለፈ?» ከማለት ጋር «ማን አሳለፈው? በስንት ሰዓት? ስንት ከፍሎ?» ማለት ይገባዋል።

በ2020 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ሲነሣ ሩዋንዳ ወሰኗን ለሰው ዘግታ ለጭነት ክፍት አደረገች። ብዙ መንግሥታትም እንዲሁ አደረጉ፤ በወረቀት ላይ ሲታይም ንግድ አልተቋረጠም ያሰኛል። ነገር ግን በራሷ ለምትሸከም ሴት፣ ነጋዴዋም ጭነት መኪናዋም እርሷው ናት። ሰው እንዳይሻገር ማለት ለእርሷ ዕቃ እንዳይሻገር ማለት ነው። በአንዳንድ ኬላዎች ሴቶቹ ዕቃቸውን አጠራቅመው በጋራ መኪና ማስጫን ያዙ፤ በዚህ መንገድ ንግዱ ከነጭራሹ ከመሞት ተረፈ፤ ኪራዩን መክፈል ያልቻሉት ግን ቀሩ።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ነጋዴ ሩቅ ወሬ አይደለም። በሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ሹማምንት በአንድነት የሚሠሩበት የጋራ ኬላ በ2020 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ተመርቋል። በዚያ ለሚመላለስ ዕቃና ሰው ከትልቁ የጭነት መኪና መዝገብ ጎን ለጎን የእግረኛ ነጋዴ መዝገብ መያዝ የማይቻል ነገር አይደለም። የአፍሪቃ የስታቲስቲክስ ቻርተርም የጸደቀው በ2009 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ነው። የአፍሪቃ ኅብረት ጉባኤ በ2024 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በአህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ሥር ስለ ሴቶችና ወጣቶች በንግድ የሚናገረውን ፕሮቶኮል አጽድቋል። የኬላው መዝገብ የነጋዴውን ጾታ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ፕሮቶኮሉ መፈጸሙን ከዐሥር ዓመት በኋላ በምን እናውቃለን?

በነጋዴው በኩል ያለውን ፍርሃት መደበቅ አይገባም። ቈጣሪ ሲመጣ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያስበው ግብርን ነው፤ የጻፍኩለት ነገ ይጻፍብኛል ይላል። ይህ ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ስለዚህም ሕጉ ግልጽ መሆን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ያጸደቀው የይፋ ስታቲስቲክስ መሠረታዊ መርሕ፣ ለቈጠራ የተሰጠ የግለሰብ ቃል በምስጢር እንዲጠበቅና ለቈጠራ ብቻ እንዲውል ያዛል። ይህ መርሕ አንድ ጊዜ ከተጣሰ፣ አንድ ቈጣሪ የጻፈውን ለግብር ሰብሳቢ አሳልፎ ከሰጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ገበያ እውነት የሚናገር ሰው አይገኝም። ምክር ቤቶች ለአባሎቻቸው ሊያረጋግጡላቸው ከሚገባቸው ነገሮች ይህ ቀዳሚው ይመስለኛል።

አባሎችም ጥያቄው ሲቀርብላቸው ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የንግድ ፈቃዱ በባል ስም ሆኖ ሳለ ሱቁን የምትከፍተው፣ ዕቃውን የምትገዛው፣ የዱቤ ደብተሩንም የምትይዘው ሚስት የሆነችበት ቤት ጥቂት አይደለም። ቈጣሪው «የሱቁ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ይነገረዋል፤ በዚያች ቅጽበትም ንግዱን የምታካሂደው ሴት ከመዝገብ ትወጣለች። በቅጹ ላይ ሁለተኛ ጥያቄ ካለ፣ ይኸውም ሥራውን በየቀኑ የሚሠራው ማን ነው የሚል፣ በዚያ ላይ ትክክለኛውን ስም ማስጻፍ ነው። ጥያቄው ከሌለ ደግሞ ቈጣሪው በኅዳጉ እንዲጽፈው መጠየቅ ይቻላል።