ለአሮጌ ላንድክሩዘር ባሌስትራና አሞርዛተር ሲገዛ ሂሳቡ ከፍየሉ ይጀምራል

ከቦረና የገጠር ገበያዎች ወደ ሞያሌ ፍየል የሚያመላልስ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሲነሳ ጭነቱ ሙሉ፣ ፍየሎቹም ጤነኞች ናቸው። ሞያሌ ሲደርስ አንዷ ታነክሳለች፣ ሌላዋ ከሥር ተረግጣ ተኝታለች፣ የቀሩት ሆዳቸው ተጣብቋል። ገዢው አንድ ጊዜ ዞሮ ያያቸውና ዋጋ ይቀንሳል። ነጋዴው መንገዱን፣ ሾፌሩን ወይም ሙቀቱን ይወቅሳል። ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ባሌስትራውን የሚያየው ግን ጥቂቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ባሌስትራ የሚታወሰው ሲሰበር ነው። ያን ጊዜ ጋራዥ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ “ጠንከር ያለውን ግጠም፣ ትገላገላለህ” ይባላል። ሲሚንቶ ለሚጭን ሰው ምክሩ ያስኬድ ይሆናል። ሲሚንቶ እግር የለውም፤ አይወድቅም፣ አይረገጥም። ለፍየልና ለበግ ጫኝ ግን በጣም ጠንካራ ባሌስትራ እንደ ደካማው ሁሉ ያከስራል።

መጀመሪያ መኪናውን መለየት

የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ፒክአፖች ከሥር ሲታዩ አንድ አይደሉም። አሮጌው 75 ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው 79 ከኋላ ባሌስትራ፣ ከፊት ግን ሞላ አለው። ሁለቱም በዚያው ባለ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ስለሚገኙ በሞተር ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ዕቃ ከማዘዝ በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የፊት እግሩን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ባሌስትራና ሞላ ክብደት ይሸከማሉ። አሞርዛተር፣ አንዳንዱ ሾክ የሚለው፣ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ባሌስትራው ተጨንቆ ሲመለስ የሚፈጥረውን መዝለል ማብረድ ነው። ስለዚህ ኋላው የወረደ መኪና በአዲስ አሞርዛተር አይነሳም። አሞርዛተሩ ሞቶ የሚዘል መኪና ደግሞ ጠንካራ ባሌስትራ ቢገጠምለት መዝለሉ ይብስበታል።

ጭነቱን በኪሎ መቁጠር

ባሌስትራ የሚመረጠው በተለምዶ በሚጫነው ክብደት ነው። ለምሳሌ 25 ፍየል እያንዳንዱ 30 ኪሎ ቢመዝን 750 ኪሎ ነው። ከላይ የሚቀመጡ ሁለት ጠባቂዎች፣ የውሃ ጀሪካንና መኖ ሲጨመሩ ወደ 950 ኪሎ ይጠጋል። መልሱ ላይ ግን መኪናው ባዶውን ወይም ጥቂት ሸቀጥ ይዞ ይመጣል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሐጅ ሰሞን ገበያ፣ ከልክ በላይ ለሚጫን ጭነት ተብሎ የተገዛ ባሌስትራ የቀሩትን ወራት እንስሳቱን ሲያንገላታ ይከርማል።

በጣም ጠንካራ ባሌስትራ በቀላል ጭነት አይታጠፍም፤ የእያንዳንዱን ድንጋይ ምት በቀጥታ ወደ ፍየሉ እግር ያደርሳል፣ ሻንሲውንም ይሰነጥቃል። በጣም ደካማው ደግሞ ሲሞላ ሻንሲው ላይ ካለው የላስቲክ መከላከያ ጋር ይላተማል፤ በተላተመ ቁጥር እንስሳቱ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ።

ጥቂት ውፍረት ትልቅ ልዩነት እንደሚያመጣም ማወቅ ይበጃል። ወርዱና ርዝመቱ ሳይለወጥ የአንድ ቅጠል ውፍረት ከ7 ወደ 8 ሚሊሜትር ቢያድግ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይጨምራል። “አንድ ሚሊ ምን ያደርጋል” ተብሎ የሚገጠም ወፍራም ቅጠል የመኪናውን ጠባይ ጨርሶ የሚለውጠው ለዚህ ነው። ጠንካራ ባሌስትራ የመኪናውን የመጫን አቅም አያሳድግም፤ አክስሉ፣ ፍሬኑና ጎማው የድሮዎቹ ናቸው።

አራቱ የባሌስትራ ምርጫዎች

አሮጌውን ማስቀጥቀጥ ከሁሉም ርካሹ ነው። ብረቱ በቀዝቃዛው ተቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ቢመለስም የደከመ ብረት ስለሆነ ጥቂት እንደሠራ መልሶ ይወርዳል። መንገድ ላይ ለገጠመ ችግር ይሆናል፤ ለቋሚ ሥራ ግን አይሆንም።

ቅጠል ማስጨመር ሁለተኛው ነው። የተጨመረው ቅጠል የመኪናው ዓይነትና ጉብጠቱም ከሌሎቹ ጋር የሚገጥም ከሆነ ይጠቅማል። ከከባድ መኪና ተቆርጦ የመጣ ከሆነ ግን ጭነቱን እኩል ስለማይካፈል ጎረቤቱን ቅጠል ይሰብራል።

ሦስተኛው እንደ ፋብሪካው ዓይነት አዲስ ባሌስትራ መግዛት ነው። ከፍታው ስለማይለወጥ አሞርዛተሩ፣ የፍሬን ቱቦውና ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይሠራል። ከፋብሪካው የጭነት ልክ ሳያልፍ ለሚሠራ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው።

አራተኛው እንደ ኦልድ ማን ኢሙና አይረንማን ያሉ የአውስትራሊያ ምርቶች ናቸው። በሚጫነው ኪሎ ተከፋፍለው ስለሚሸጡ ለጭነቱ የሚስማማውን መምረጥ ይቻላል። ችግሩ ብዙዎቹ መኪናውን ወደ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ማድረጋቸው ነው። ቆሞ የሚሄድ እንስሳ ክብደቱ ድሮም ከላይ ነው፤ መኪናው ሲነሳ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማዘንበሉ ይጨምራል። ረዘም ያለ አሞርዛተርም ያስፈልጋል። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ ባላቸው መኪኖች ደግሞ መካኒኩ ዘንጉን እንደገና ማስተካከል አለበት። ያ ካልተደረገ መኪናው ሞልቶም ባዶ እንደሆነ ይቆጠርና የኋላው ፍሬን ይደክማል።

አሞርዛተር፦ ሙቀትና ድንጋይ

እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ አሞርዛተርን የሚገድለው ሙቀት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ሲግል አረፋ ይሠራል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ መዝለል አያበርድም።

ባለ ሁለት ቱቦው ዋጋው ቀለል ያለ ነው። ድንጋይ የውጭ ቱቦውን ቢያጎድጉደውም የውስጡ ሥራውን ይቀጥላል፤ ረጅም መንገድ ላይ ግን ቶሎ ይግላል። የጃፓኑ ኬዋይቢ ለቶዮታ ፋብሪካ የሚያቀርብ ሲሆን በዚህ ዓይነት ይታወቃል። አይረንማን ፎም ሴል የሚለውም ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ በጋዙ ፋንታ ስፖንጅ መሰል ነገር በማስገባት ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ያደርጋል። ባለ አንድ ቱቦው፣ እንደ ጀርመኑ ቢልስታይን ያለው፣ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ነገር ግን ድንጋይ ገላውን ካጎደጎደው ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። የሆላንዱ ኮኒ ሄቪ ትራክ ደግሞ ሲለሰልስ ጥንካሬው የሚስተካከል ነው።

አሮጌው መሞቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። 15 ኪሎሜትር ያህል በሸካራ መንገድ ከተነዳ በኋላ አራቱም በጥንቃቄ በእጅ ይዳሰሳሉ። የሚሠራው ሞቆ ይገኛል፤ ቀዝቃዛ የሆነው ሥራ አቁሟል። ዘይት ያንጠባጠበውም ያው ነው። ሲቀየር የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየራል።

ሂሳቡ በፍየል

ብር፣ ሽልንግና ዶላር በየድንበሩ ስለሚለያዩ ሂሳቡን በፍየል መሥራት ይቀላል። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፤ ነጋዴው የራሱን ይተካል። ሙሉ ባሌስትራና አሞርዛተር የ12 ፍየል ዋጋ አወጣ እንበል። በአዲሱ ዕቃ ምክንያት በመንገድ የሚጠፋው ክብደት በ1 በመቶ ቢቀንስ ከ750 ኪሎ 7.5 ኪሎ ይተርፋል። በወር 8 ጊዜ ለሚመላለስ ይህ 60 ኪሎ፣ ማለትም 2 ፍየል ነው። በተጨማሪ በወር አንድ ፍየል ከስብራት ወይም ከመረገጥ ከዳነች 3 ይሆናል፤ ዕቃው በ4 ወር ዋጋውን ይመልሳል።

በወር 2 ጊዜ ብቻ የሚሄድ ነጋዴ ግን ከክብደቱ የሚተርፈው 15 ኪሎ፣ ግማሽ ፍየል ነው። ከዚህ ሌላ ጥቅም ካላገኘ ወጪውን ለመመለስ 2 ዓመት ይፈጅበታል። ለእሱ አሞርዛተሩንና የባሌስትራውን ቡሾች ብቻ መቀየር የተሻለ ይሆናል።

ክብደት የሚጠፋው በባሌስትራ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚቀንሰው የሆድ ይዘትና ሽንት ነው፤ ይህ በመኖና በውሃ ይመለሳል። መንገዱ ሲረዝምና ጭንቀቱ ሲበዛ ሥጋው ራሱ ውሃ ያጣል፤ ይህ በአንድ ሌሊት አይመለስም። በመንገድ የተንገላታ መንጋ ከቀናት በኋላ፣ ኳራንቲን ከገባ ወዲያ፣ ሳል ሊጀምረውም ይችላል። ስለዚህ የሚያንሸራትት ወለል፣ መከፋፈያ የሌለው ጭነትና የሾፌሩ ፍጥነት ካልተስተካከሉ ውድ ባሌስትራ ገንዘቡን አይመልስም።

ከመግዛት በፊትና በኋላ

ከመግዛት በፊት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ባዶውንም ሞልቶም፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በግራና በቀኝ ይለካ። አንዱ ጎን ከወረደ ወይም ሲሞላ ላስቲኩን የሚነካ ከሆነ ባሌስትራው ደክሟል። ከፍታው ደህና ሆኖ መኪናው የሚዘል ከሆነ ገንዘቡ ለአሞርዛተር ይውል። አዲስ ባሌስትራ ከተገጠመ በኋላ 500 ኪሎሜትር ሲሞላ አክስሉን የሚይዙት ዩ ቦልቶች እንደገና ይጥበቁ፤ ከላሉ የመሃሉ ብሎን ይበጠስና አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል።

በመጨረሻም ሚዛን አይረሳ። ዕቃው ከመቀየሩ በፊት በሁለት ጉዞ፣ ከተቀየረም በኋላ በሁለት ጉዞ፣ ምልክት የተደረገባቸው 10 ፍየሎች ሲነሱና ሲደርሱ ይመዘኑ። መንገዱ፣ የመነሻው ሰዓትና ውሃ የጠጡበት ጊዜ ተመሳሳይ ይሁን። ባሌስትራው ዋጋውን እየመለሰ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።