መሣሪያን ሳይሞክሩ ስለ መግዛት

በሸዋ መሣሪያ የሚመዘነው ተተኩሶ ነው። ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት፣ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው በነበረበት ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ያመጣው መድፍ በንጉሡ ፊት ተተኩሶ ታይቷል። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ 2,000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል ጭኖ አንኮበር ደረሰ። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ የቆረጡለት ዋጋ ግን ካሰበው እጅግ ያነሰ ሆነበት።

ዛሬ ሽጉጥ በኢንተርኔት በፎቶግራፍ እየታየ ስለሚሸጥ፣ መሞከር የሚገልጠውን እናስረዳለን። ሽጉጥ (ስሙ ከመሸጎጥ የመጣ ነው) በራሱ የሚጎርስ ከሆነ በተተኮሰ ቁጥር ቀለሁን አስወጥቶ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ሞላው ከደከመ ወይም የካዝናው አፍ ከተጣመመ ቀለሁ ተቀርቅሮ ይቀራል። ይህን ፎቶግራፍ አያሳይም።

የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። ስለዚህ ሰላ ድንጋይ ተቀምጦ ለማያውቀው ሻጭ ገንዘብ የሚልክ ሰው መተኮሻ ቦታ ቀርቶ አቤት የሚልበት ዳኛ የለውም፤ ገንዘቡን ተበልቶ ቢከስስ አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱው ነው።