ሐኪም የሚመረጠው በጤና ቀን ነው

ከአንድ ሰፈር ተነሥቶ በሌላ የሚሰፍር ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ስለ ገበያውና ስለ ደብሩ ነው። ስለ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የጥርስ ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይብሳል። ጉንጩን ይዞ ያደረ ሰው ሲነጋ የሚሄደው ወደሚታመን ሐኪም ሳይሆን ዓይኑ መጀመሪያ ወዳረፈበት ማስታወቂያ ነው። ሕመም ያስቸኮለው ሰው አያመዛዝንም፤ «ንቀልልኝና ልረፍ» ይላል። ስለዚህ የቤተ ሰብ ሐኪም፣ ይልቁንም የጥርስ ሐኪም፣ ሁሉ ደኅና በሆነበት ቀን ሊመረጥ ይገባዋል።

ጎረቤትንና የእድር ሰዎችን መጠየቅ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን አጠያየቁን ማወቅ ያሻል። «ጎበዝ ሐኪም ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው ወሬ ነው። «ጥርስዎን ማን አከመዎት? ከመጀመሩ በፊት ምን ነገረዎት? ስንት አስከፈለዎት? ከዓመት በኋላስ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ግን በሰው ላይ የደረሰውን እውነት ይሰማል። ሦስት አራት ሰዎች ሳይመካከሩ አንዱን ሐኪም ቢጠሩ ያ ሐኪም ሊጎበኝ ይገባዋል።

ከዚያም በእግር ሄዶ ማየት ነው። የሥራ ፈቃዱ ሰው በሚያየው ቦታ መሰቀሉንና ዘመኑ አለማለፉን ይመልከቱ። በአዲስ አበባ ይህን የሚቆጣጠረው የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በክልል ከተሞች ደግሞ የጤና ቢሮውን መጠየቅ ይቻላል። የሚያክመው ሰው የሠለጠነበትን ደረጃ መጠየቅም ነውር አይደለም። በዶክተርነት የተመረቀ የጥርስ ሐኪም አለ፤ በመካከለኛ ደረጃ የሠለጠነ ባለሙያም አለ። ሁለቱም በየድርሻቸው ይጠቅማሉ፤ የሚጎዳው ከድርሻው አልፎ የሚሠራው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የዕቃ ንጽሕና ጉድለት ነው። ደም የነካው ጉጠት ወይም መርፌ በሚገባ ካልጸዳ የጉበት በሽታ ቫይረስንም ኤች አይ ቪንም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሸጋግር ይችላል። በአልኮል መወልወል አይበቃም። መቀቀልም አይበቃም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ተገቢው መንገድ ዕቃውን በደንብ ካጠቡ በኋላ አውቶክሌቭ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ በ121 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ እንፋሎት፣ በግፊት፣ የተወሰነለትን ጊዜ ማቆየት ነው። ስለዚህ «ዕቃዎቹ በምን ይጸዳሉ?» ብለው ይጠይቁ። ጨዋ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ የታሸገውን ፊትዎ ይከፍታል፤ ለእያንዳንዱ ታካሚም አዲስ ጓንት ያጠልቃል።

ሁለተኛው ምልክት ሐኪሙ ከመሥራቱ በፊት መጠየቁ ነው። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ እርግዝና፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የፔኒሲሊን አለመስማማት እንዳለብዎ ማወቅ ይኖርበታል። ጾም ላይ ከሆኑም መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ እንዲያስተካክልልዎ ይንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ግማሹን የተናገረ ታካሚ ግማሽ ሕክምና ያገኛል።

የውሃም ነገር አለ። ለምሳሌ ከወንጂ ወይም ከመተሐራ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ቤተ ሰብ ልጆቹ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል፤ የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሳለ የያዘው ይህ ቀለም በመፋቂያ አይለቅም፤ ብስባሽም አይደለም። «ልጁ የት አደገ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ይህን ይለያል፤ ሳይጠይቅ ሁሉን ልሞርድ፣ ሁሉን ልሸፍን የሚል ሐኪም ግን ሊያጠራጥረን ይገባል።

ሦስተኛው ምልክት ለመንቀል አለመቸኮሉ ነው። ልጅ 20 የወተት ጥርስ አለው፤ በ6 ዓመት ገደማ ግን ከእነዚያ ኋላ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ እየመሰለው «ቢነቀልም ይተካል» ይላል፤ አይተካም። ያ መንጋጋ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው። መልካም ሐኪም ይህን ለወላጅ ያስረዳል፤ ራጅ ያነሣል፤ ሊሞላ ወይም የሥር ሕክምና ሊደረግለት የሚችለውን ይነግራል፤ የእያንዳንዱንም ዋጋ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ደረሰኝም ይሰጣል። ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ደግሞ ወደ ሆስፒታል ይጽፋል፤ ይህም ታማኝነቱን የሚያሳይ ሥራ ነው።

ሐኪምን ማክበር በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ የታዘዘ ነው። ነገር ግን ማክበር ማለት አንገትን ደፍቶ ዝም ማለት አይደለም፤ የሚጠይቅ ታካሚ የሐኪሙን ሥራ ያቀናለታል።

እንግዲህ አዲስ ሰፈር የገባ ቤተ ሰብ በመጀመሪያው ወር ምንም ሳያመው አንዱን ልጅ ለምርመራ ቢወስድ ሐኪሙንም ቤቱንም ያውቃል። የሐኪሙን ስልክና በሌሊት የሚሠራውን ሆስፒታል ጽፎ በጓዳው በር ላይ ይለጥፍ። ድንገት ሕመም ቢመጣ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ ምክንያቱን አያስወግደውም፤ ሕመሙ ጋብ ቢልም ጥርሱ ውስጥ ውስጡን ይበላል። መንጋጋው ወይም አንገቱ አብጦ ትኩሳት የያዘው፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የተቸገረ ሰው ግን ነገን ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።